«ማይ ካሚንግ» ወይስ «ሚ ካሚንግ»? ከጄረንድ በፊት የትኛውን እንምረጥ

አንድ ጓደኛዬ ለሥራ የሚልከውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ እንዳይለት ሰጠኝ። ጥሩ አድርጎ ጽፎታል። መጨረሻው ላይ ግን እንዲህ የሚል አረፍተ ነገር አለ፦ «አይ ዉድ አፕሪሺዬት ዩ ኮንሲደሪንግ ማይ አፕሊኬሽን»። ማመልከቻዬን ብታዩልኝ ደስ ይለኛል ማለቱ ነው። እስክሪብቶዬ «ዩ» ላይ ቆመ። «ዩር» ልበለው? ወይስ እንዳለ ልተወው? ጓደኛዬ ዝምታዬን አይቶ «ምነው፣ ተሳስቻለሁ እንዴ?» አለኝ።

አልተሳሳተም። ለዚያ ደብዳቤ ግን ከጻፈው የሚሻል ሌላ አማራጭ ነበር። ይህን ለማስረዳት ስሞክር አንድ ሰዓት ሄደ። ይህ ጽሑፍ የዚያ አንድ ሰዓት ውጤት ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በእኛው ፊደል ነው የጻፍኳቸው። ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። ጉዳዩ ግማሹ የሕግ፣ ግማሹ የጆሮ ነው።

አማራጮቹ

የእንግሊዝኛ ግስ መጨረሻው ላይ «ኢንግ» ሲጨመርበት ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራል። አንዳንዴ እንደ ስም ይቆማል፦ «ስሞኪንግ ኢዝ ባድ»፣ ማጨስ መጥፎ ነው። ይህ ጄረንድ ይባላል። አንዳንዴ ደግሞ አንድ ሰው በዚያ ሰዓት ምን ሲያደርግ እንደነበር ይገልጻል፦ «አይ ሶው ኤ ማን ስሞኪንግ»፣ አንድ ሰው ሲያጨስ አየሁ። ይህኛው ፓርቲሲፕል ነው። ሁለቱ መልካቸው ቁርጥ አንድ ነው። ግራ የሚያጋባውም ይኸው መመሳሰላቸው ነው።

አሁን ማጨሱ የማን እንደሆነ መናገር ፈለግን እንበል። እሱ ማጨሱን አልወድም ለማለት አንዱ መንገድ «አይ ዶንት ላይክ ሂዝ ስሞኪንግ» ነው። «ሂዝ» አገናዛቢ ነው፣ «የእሱ» ማለት። ሁለተኛው መንገድ «አይ ዶንት ላይክ ሂም ስሞኪንግ» ነው። «ሂም» የተሳቢ ተውላጠ ስም ነው፣ «እሱን» ማለት። በስም ሲሆንም ያው ነው። አገናዛቢው «ሳራዝ ስሞኪንግ» ይሆናል፣ ሌላው ደግሞ «ሳራ ስሞኪንግ»። ሦስተኛ አማራጭም አለ። ብዙ ሰው ይረሳዋል እንጂ አንዳንዴ ከሁለቱም ይበልጣል፦ ጄረንዱን ትቶ አረፍተ ነገሩን በሌላ መንገድ ማዋቀር። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከጄረንድ በፊት የሚገቡት አገናዛቢዎች «ማይ፣ ዩር፣ ሂዝ፣ ኸር፣ ኢትስ፣ አወር፣ ዜር» ናቸው። አንዳንድ መጽሐፍ አገናዛቢ ተውላጠ ስም ይላቸዋል፣ ሌላው አገናዛቢ ቅጽል። ስሙ አያጣላንም። «ማይን፣ ዩርስ፣ ኸርስ» የሚሉት ብቻቸውን የሚቆሙት ግን እዚህ ቦታ የላቸውም። «ማይን ካሚንግ» የሚባል ነገር የለም።

አማርኛ ተናጋሪ ከሌላው የሚቀድምበት ቦታ

ይህን ጉዳይ ብዙ የእንግሊዝኛ ተማሪ እንደ እንግዳ ሕግ ይሸመድደዋል። እኛ መሸምደድ አያስፈልገንም። አማርኛ ይህን ነገር በየቀኑ ይሠራዋል።

«መምጣት» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ግስ ነበር፣ «መ» ሲገባበት ስም ሆነ። የማን መምጣት እንደሆነ ስንናገር ምን እንላለን? መምጣቴ፣ መምጣትህ፣ መምጣቷ፣ መምጣታችን። መጨረሻው ላይ የተለጠፈው ነገር «ቤቴ፣ ቤትህ፣ ቤቷ፣ ቤታችን» ላይ ያለው ነው። የባለቤትነት ምልክት ነው። «መምጣቴ አስደሰታት» ስንል ያለ ሐሳብ አገናዛቢውን ተጠቅመናል። እንግሊዝኛውም «ማይ ካሚንግ ፕሊዝድ ኸር» ነው። ቃል በቃል ይገጥማል።

ለዚህ ነው «ሚ ካሚንግ» ለብዙዎቻችን ጆሮ የሚጎረብጠው። በአማርኛ «እኔን መምጣት አስደሰታት» እንደማለት ሆኖ ይሰማናል። ግን ልብ በሉ፣ የጎረበጠን በአማርኛ ስለሰማነው ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ለሺ ጊዜ ብሎታል፣ ምንም አይመስለውም። የእኛ ጆሮ አገናዛቢውን መምረጥ ያስተምረናል፤ ሌላውን ግን ስህተት ነው ብሎ ለመፍረድ አይበቃም።

አማርኛ ከዚህም በላይ ይረዳናል። አንድን ድርጊት በሦስት መልክ እንለዋለን። ሳራ ትዘፍናለች እንበል።

«ሳራ ስትዘፍን ሰማኋት።» እዚህ «ስ» አለ፣ ወንድ ቢሆን «ሲዘፍን» ብለን «ሲ» የምንለው፤ «ሰማኋት» ላይ ደግሞ የተሳቢ ምልክት ተለጥፏል። የሰማሁት እሷን ነው፣ በዚያች ሰዓት ስትዘፍን። እንግሊዝኛው «አይ ኸርድ ሳራ ሲንጊንግ» ይሆናል። ወንድ ቢሆን «አይ ኸርድ ሂም ሲንጊንግ»። እዚህ አገናዛቢ አይገባም። ፓርቲሲፕል ነው።

«የሳራን አዘፋፈን ወደድኩት።» የወደድኩት ድምፅዋን፣ ዜማ አያያዟን ነው። እንግሊዝኛው «አይ ላይክድ ሳራዝ ሲንጊንግ»። ወንድ ቢሆን «ሂዝ ሲንጊንግ»። እዚህ ደግሞ ከአገናዛቢው ውጭ ሌላ አትሞክሩ።

«ሳራ መዝፈኗን ወደድኩት።» የወደድኩት መዝፈኗን ነው፤ አልዘፍንም ብላ አለመቅረቷን። ሁለቱም መንገድ የሚከፈተው እዚህ ነው። «ሳራዝ ሲንጊንግ» ብትሉም «ሳራ ሲንጊንግ» ብትሉም ያስኬዳል። ደግሞ እዩት፣ እኛም «የሳራ መዝፈን» እና «ሳራ መዝፈኗ» እያልን በሁለት መንገድ እንናገራለን። አንዱ ስሟ ላይ «የ» ይጨምራል፣ ሌላው ስሟን ባዶውን ይተዋል።

እኔ የምጠቀመው መለኪያ ይኸው ነው። ልጽፈው ያሰብኩትን አረፍተ ነገር በልቤ በአማርኛ እለዋለሁ። «ሲ» ከመጣልኝ ተሳቢውን እጽፋለሁ። «አዘፋፈን፣ አነዳድ፣ አሯሯጥ» ከመጣልኝ አገናዛቢውን። «መዝፈን፣ መንዳት፣ መሮጥ» ከመጣልኝ ምርጫው የእኔ ነው ማለት ነው። ያኔ ቀጥዬ የማየው ደብዳቤው ለማን እንደሚሄድ ነው።

መለኪያው አንድ ቦታ ያንሸራትታል። «ሲያጨስ አልወድም» እንላለን፣ «ሲ» አለበት፣ ነገር ግን በዓይን ያየነው ነገር የለም። እንደ መውደድና መጥላት ያሉ ግሶች ሲገጥሟችሁ «ሲ»ውን ወደ «ማጨሱን አልወድም» ቀይሩትና እንደገና ለኩ። «ብከፍት ቅር ይልሃል?» የሚለውንም «መክፈቴ ቅር ይልሃል?» አድርጉት። አማርኛው ትንሽ ይከብዳል፣ ለመለካት ግን ይበቃል።

ክርክሩ ከየት መጣ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሄንሪ ፋውለር የሚባል እንግሊዛዊ የመዝገበ ቃላት ሰው ነበር። ከወንድሙ ከፍራንሲስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1906 ባሳተሙት የአጻጻፍ መመሪያ «ሂም ስሞኪንግ» የሚለውን አነጋገር አጥብቀው ተቃወሙ። «ፊውዝድ ፓርቲሲፕል»፣ ማለትም የተጣበቀ ፓርቲሲፕል፣ ብለው ስም አወጡለት። ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1926 ባወጣው መዝገበ ቃላቱም ደገመው። መከራከሪያው ቀላል ነው። «አይ ዶንት ላይክ ሂም ስሞኪንግ» ስንል የማልወደው ማንን ነው? እሱን አይደለም። ማጨስን ብቻም አይደለም። ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ነገር ሆነዋል፣ ሰዋስው ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር የት እንደሚያስቀምጠው አያውቅም። «ሂዝ» ስትሉ ግን ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ኦቶ ጀስፐርሰን የተባለው ዴንማርካዊ የቋንቋ ምሁር በዚያው በ1926 መለሰለት። ቋንቋውን ሰዎች እንዴት እንደሚጠቀሙበት ቆጥሮ የሚያይ ሰው ነበር። ፋውለር ያወገዘው አነጋገር በጥሩ ጸሐፊዎች እጅ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነው ብሎ ምሳሌ ደረደረ። ክርክሩ ከባድ ነበር። ዛሬ ያሉት ትልልቅ የሰዋስው ሥራዎች ሁለቱንም ትክክል ይላሉ። አገናዛቢው መደበኛ፣ ሌላው የዕለት ተዕለት ነው ብለው ይለያሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የሮድኒ ሀድልስተንና የጄፍሪ ፑለም ሰዋስው እንዲያውም ጄረንድና ፓርቲሲፕል የሚለውን ክፍፍል ትቶ ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቷቸዋል።

እኔ በፋውለር ፍርድ አልስማማም። ጆሮው ግን ስለታም እንደነበር አልክድም። «ማጨሱን ነው የማልወደው ወይስ እሱን?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ለአፍታ እንኳ እንዲህ ብሎ ከቆመ ጸሐፊው አንድ ነገር አጥቷል።

ምርጫው የእናንተ ሲሆን

መጀመሪያ የማየው ቦታውን ነው። ጄረንዱ አረፍተ ነገሩን የሚከፍት ከሆነ አገናዛቢውን እመርጣለሁ፣ ያውም ሳላመነታ። «ሂዝ ሊቪንግ ኧርሊ ሰርፕራይዝድ አስ»፣ ቀደም ብሎ መሄዱ አስገረመን። «ሂም ሊቪንግ ኧርሊ» ብሎ መጀመር በወሬ መሃል ይሰማል። በጽሑፍ ግን አንባቢ «ሂም» የሚል ቃል መግቢያው ላይ ሲያገኝ ይደናቀፋል። እንግሊዝኛ አረፍተ ነገሩን በተሳቢ መክፈት አልለመደም።

በስም ሲሆን ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። «ዘ ችልድረን ፕሌዪንግ አውትሳይድ» ብላችሁ ጀመራችሁ እንበል። አንባቢው «ውጭ የሚጫወቱት ልጆች» ብሎ ያነባል። ስለዚህ ግሱን በብዙ ቁጥር ይጠብቃል፦ «ወር ኖይዚ»፣ ይጮሁ ነበር። እናንተ ልትሉ የፈለጋችሁት ግን የልጆቹ ውጭ መጫወት ችግር ነበር ከሆነ፣ ግሱ ነጠላ መሆን አለበት፦ «ዋዝ ኤ ፕሮብለም»። አንባቢው «ዋዝ» ላይ ሲደርስ ተመልሶ እንደገና ለማንበብ ይገደዳል። «ዘ ችልድረንዝ ፕሌዪንግ» ብትሉ ይህ ሁሉ አይመጣም። ለአገናዛቢው ከምሰጣቸው ምክንያቶች ጠንካራው ይህ ነው። ጨዋነት ወይም መደበኛነት ብቻ አይደለም፣ አንባቢን መንገድ አያስትም።

ጄረንዱ ከግስ ወይም ከመስተዋድድ በኋላ ሲመጣ ነገሩ ይላላል። «አይ ሪመምበር ሂዝ ሴይንግ ዛት» እና «አይ ሪመምበር ሂም ሴይንግ ዛት»፣ ሁለቱም እንደዚያ ማለቱን አስታውሳለሁ ናቸው። እዚህ የሚወስነው አንባቢያችሁ ነው። ለማመልከቻ፣ ለጥናት ጽሑፍ፣ ለሥራ ሪፖርት፣ ለማታውቁት ሰው የሚሄድ ኢሜይል ከሆነ አገናዛቢውን ጻፉ። ለጓደኛ በቴክስት፣ በስልክ፣ በሥራ መሃል ለባልደረባ ከሆነ ሌላውን። ይህን ሁለተኛውን አጥብቄ ነው የምለው። ከሰው አጠገብ ወንበር ስባችሁ «ዱ ዩ ማይንድ ማይ ሲቲንግ ሂር?» ብትሉ ሰዋስዋችሁ እንከን የለውም። ግን ቆጠብ ያለ፣ ራቅ ያለ ይሆናል። ሰው ሁሉ የሚለው «ሚ ሲቲንግ» ነው። ሕግ ስላወቅን ብቻ ሰውን በደብዳቤ ቋንቋ ማነጋገር የለብንም።

በምርጫ ፈተና ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ነገሩ አጭር ነው። «ሂዝ» እና «ሂም» ሁለቱም ከተደረደሩ፣ ከፊታቸው ያለው ግስ ማየትና መስማትን የመሰለ ካልሆነ፣ «ሂዝ»ን ምረጡ። ፈታኞች አብዛኛውን ጊዜ የድሮውን ሕግ ነው የሚከተሉት።

ምርጫ የሌለባቸው ቦታዎች

የስሜት ሕዋሳት ግሶች አገናዛቢ አይወዱም። «ሲ፣ ኺር፣ ዋች፣ ፊል፣ ኖቲስ» የሚሉት። «አይ ሶው ሂም ራኒንግ»፣ ሲሮጥ አየሁት። አንዳንድ ሰው ሕጉን ከተማረ በኋላ ሁሉም ቦታ ላይ አገናዛቢ ይለጥፋል፣ «አይ ሶው ሂዝ ራኒንግ» ይላል። ይህ ቢበዛ አሯሯጡን አየሁ ነው የሚሆነው፣ ያውም በግድ። «ካች፣ ፋይንድ፣ ሊቭ፣ ኪፕ» የሚሉትም ከዚህ ወገን ናቸው። «ሺ ኮውት ሚ ስሊፒንግ»፣ ተኝቼ ያዘችኝ። «ሂ ኬፕት ሚ ዌይቲንግ»፣ አስጠበቀኝ። «ኬፕት ማይ ዌይቲንግ» የሚል ሰው የለም።

በተቃራኒው ከጄረንዱ በፊት ቅጽል ከገባ አገናዛቢው ግዴታ ነው። «ሂዝ ኬርፉል ድራይቪንግ ሴቭድ አስ»፣ ጠንቃቃ አነዳዱ አዳነን። «ሂም ኬርፉል ድራይቪንግ» አይሆንም። ቅጽሉን ወደ ተውሳከ ግስ ቀይራችሁ «ድራይቪንግ ኬርፉሊ» ካላችሁ ግን ሁለቱም መንገድ ተመልሶ ይከፈታል። ከጄረንዱ ቀጥሎ «ኦፍ» ሲመጣም እንዲሁ ነው፦ «ሂዝ ሲንጊንግ ኦፍ ዘ ሶንግ»። ቅጽልና «ኦፍ» ከስም ጋር የሚሄዱ ነገሮች ናቸው። ቃሉ ጨርሶ ስም ሆኗል ማለት ነው፣ ስም ደግሞ ከፊቱ «ሂም» አይቀበልም።

ከዚያ አገናዛቢ መሆን የማይችሉ ቃላት አሉ። «ዚስ፣ ዛት፣ ዚዝ፣ ዞዝ» የሚሉት አመልካቾች አገናዛቢ መልክ የላቸውም። ስለዚህ «ዘ ዴንጀር ኦፍ ዚስ ሃፕኒንግ»፣ ይህ የመከሰቱ አደጋ፣ ከማለት ውጭ ምርጫ የለም። «ዜር ኢዝ» በሚለው ውስጥ ያለው «ዜር»ም እንዲሁ ባለበት ይቀመጣል፦ «ዊዛውት ዜር ቢዪንግ ኤ ሪዝን»፣ ያለምንም ምክንያት።

ሕይወት የሌላቸው ነገሮች ላይም አገናዛቢውን ባትጭኑ ይሻላል። «ዘ ሪስክ ኦፍ ዘ ሩፍ ኮላፕሲንግ»፣ ጣሪያው የመደርመሱ አደጋ። «ዘ ሩፍስ ኮላፕሲንግ» ማለት ይቻላል ግን ማንም አይለውም። ረጅም ስምም እንዲሁ ነው። «የጎረቤታችን ልጅ ጓደኛ» የሚያክል ሐረግ ላይ አፖስትሮፍና ኤስ ብትሰቅሉበት አንባቢው መጀመሪያውን ረስቶ ነው ጄረንዱ ጋ የሚደርሰው። ሁለት ሰዎች በ«ኤንድ» ሲያያዙም ባዶውን ተዉት፦ «ዩ ኤንድ ዩር ሲስተር ካሚንግ»። ፋውለር እንዲህ ያለ ሲገጥማችሁ አረፍተ ነገሩን አፍርሳችሁ ሥሩት ይል ነበር። ሁልጊዜ ማፍረስ ያስፈልጋል ብዬ አላምንም፣ ምክሩ ግን ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ትርጉም የሚገለብጡ ጥንዶች

እስካሁን ያልነው ባብዛኛው ለጆሮ የሚሻለውን ስለመምረጥ ነው። ከዚህ በታች ያለው ግን ሥራውን ማን እንደሚሠራ የሚወስን ነው።

«ዉድ ዩ ማይንድ ኦፕኒንግ ዘ ዊንዶው?» ስትሉ መስኮቱን የሚከፍተው የጠየቃችሁት ሰው ነው። «ዉድ ዩ ማይንድ ማይ ኦፕኒንግ ዘ ዊንዶው?» ስትሉ የምትከፍቱት እናንተ ናችሁ፣ ፈቃድ እየጠየቃችሁ ነው። «ማይ» ወይም «ሚ» መሆኑ እዚህ ቀላል ጉዳይ ነው። ዋናው አንዱ መኖሩ ነው። ረስታችሁ ከዘለላችሁት ሰውየው ከመቀመጫው ይነሳል።

«ሂ ኢንሲስትድ ኦን ፔዪንግ» እና «ሂ ኢንሲስትድ ኦን ማይ ፔዪንግ»ም እንደዚሁ ናቸው። በመጀመሪያው «እኔ ካልከፈልኩ» ብሎ ድርቅ ያለው እሱ ነው፣ ገንዘቡም ከእሱ ኪስ ይወጣል። በሁለተኛው ድርቅ ያለው እሱ፣ ከፋዩ ግን እኔ ነኝ። በአማርኛ «ልክፈል አለ» እና «ክፈል አለኝ» የሚለያዩትን ያህል ይለያያሉ።

ከዚህ አንድ ሕግ ይወጣል። የጄረንዱ ባለቤት አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ ከፊቱ ምንም አትጨምሩ። እዚህ ላይ አማርኛ ያሳስተናል። «ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ» ስንል «መጣችሁ» ላይ «እናንተ» አለ። ያንን «እናንተ» ፍለጋ «ታንክ ዩ ፎር ዩር ካሚንግ» ብለን እንጽፋለን። እኔም ለስብሰባ ተሳታፊዎች እንዲህ ብዬ ጽፌ ልኬያለሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለብቻዬ ጠርታ «ዩር»ን አውጣው አለችኝ። «ታንክ ዩ» ስትል ማንን እንደምታመሰግን ተናግረሃል፣ የመጡትም እነሱ ናቸው፣ ምን ያስደግምሃል? አለችኝ። እውነቷን ነው። «ታንክ ዩ ፎር ካሚንግ» በቃ። ስም ካስከተላችሁ ግን «ዩር» ይመለሳል፦ «ታንክ ዩ ፎር ዩር ኸልፕ»፣ ስለ እርዳታችሁ።

በዚሁ ምክንያት «አይ ኢንጆይ ማይ ስዊሚንግ» ሳይሆን «አይ ኢንጆይ ስዊሚንግ» ነው። «አይ አም ሶሪ ፎር ማይ ቢዪንግ ሌት» ሳይሆን «አይ አም ሶሪ ፎር ቢዪንግ ሌት» ነው።

«ዋንት» ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ውጭ ነው። እንድትመጣ እፈልጋለሁ ለማለት «አይ ዋንት ዩ ቱ ካም» ነው። ጄረንድም አገናዛቢም አይፈልግም።

ሦስተኛው መንገድ

አገናዛቢው ሲደርቅባችሁ፣ ተሳቢው ደግሞ ሲላላባችሁ ጄረንዱን ልቀቁት። «ቢኮዝ ኦፍ ሂዝ ቢዪንግ ኢል» ትክክል ነው፣ ግን ማን እንዲህ ይናገራል? «ቢኮዝ ሂ ዋዝ ኢል»፣ ስለታመመ፣ ቀላልና ጥርት ያለ ነው። «ዊዛውት ማይ ኖዊንግ» ጥሩ ነው፣ «ዊዛውት ማይ ኖሌጅ»ም አለ። ሳላውቅ ማለት ናቸው። «ሂዝ አራይቪንግ ሌት» ከማለት «ሂዝ ሌት አራይቫል»። ለዚያ ሥራ የተዘጋጀ ስም ካለ ስሙ ይቀድማል።

«ዘ ፋክት ዛት» የሚለውን ግን አታብዙት። «ዘ ፋክት ዛት ሂ ሌፍት ኧርሊ ሰርፕራይዝድ አስ» ከ«ሂዝ ሊቪንግ ኧርሊ» ጋር ስታስተያዩት ይንዛዛል። ሐረጉ ረዝሞ አገናዛቢው የማይሰቀልበት ቦታ ላይ ብቻ አስታውሱት። የጎረቤታችን ልጅ ጓደኛ ቀደም ብሎ ከሄደ፣ ያኔ «ዘ ፋክት ዛት» ይድረስላችሁ።

ሁለት የጽሕፈት ነገሮች

«ኸር» አገናዛቢም ተሳቢም ነው። «ኸር ሲንጊንግ» ስትሉ መዝፈኗም፣ ስትዘፍን እሷንም ሊሆን ይችላል። መልኩ ስለማይለይ በሴት ጾታ የምትጽፉት ግማሹ ጭንቀት የለበትም። ትርጉሙ ግን ይደበላለቃል። «አይ ሪመምበር ኸር ሲንጊንግ» አዘፋፈኗን አስታውሳለሁ ነው? መዝፈኗን? ከዙሪያው ካልተረዳ ሌላ ቃል ጨምሩ።

«ኢትስ» ሲሆን ደግሞ አፖስትሮፉን ተጠንቀቁ። አገናዛቢው ያለ አፖስትሮፍ ነው። አፖስትሮፍ ያለው «ኢት ኢዝ» ማለት ነው። በድምፅ አንድ ስለሆኑ ጆሮ አያድንም። በኤስ የሚያልቁ የብዙ ቁጥር ስሞችም እንዲሁ ናቸው። «ዘ ስቱደንትስ ሊቪንግ» ሲባል አገናዛቢ መሆኑን የሚናገረው ከኤስ በኋላ ያለችው ትንሽ ምልክት ብቻ ናት። አንባቢው እንዲደናገር ካልፈለጋችሁ ጽፋችሁ ስትጨርሱ እሷን ብቻ እየፈለጋችሁ አንድ ጊዜ አንብቡ።

የጓደኛዬ ደብዳቤ

ወደ «ዩ ኮንሲደሪንግ» ልመለስ። መለኪያውን አብረን ሞከርነው። «ማመልከቻዬን ማየታችሁን አደንቃለሁ» ብሎ አለው፣ «መ» መጣ። ስለዚህ ምርጫው የእሱ ነው። ደብዳቤው ለማያውቀው ቀጣሪ ይሄዳል፣ ስለዚህ «ዩር»። ሦስተኛውንም መንገድ አየን፦ «ዩር ኮንሲደሬሽን ኦፍ ማይ አፕሊኬሽን»። እኔ ይህ የበለጠ ክብር ያለው መሰለኝ። እሱ ደጋግሞ አነበበው፣ ከንፈሩን አንቀሳቅሶ። «ይሄ የእኔ አይመስልም» አለ። «ኮንሲደሬሽን» የሚለው ቃል ከሱ ደብዳቤ ረጋ ያለና ቀለል ያለ አነጋገር ጋር አልገጥም አለው። ትክክል ነበር፤ የደብዳቤው የላይኞቹ አንቀጾች በሙሉ በአጫጭር ቃላት የተጻፉ ናቸው።

«ዩ» ላይ «ር»ን ጨመረበት። አንዴ ጮክ ብሎ አነበበው፣ «አይ ዉድ አፕሪሺዬት ዩር ኮንሲደሪንግ ማይ አፕሊኬሽን»፣ ከዚያ ላከው።